የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት መማሪያና መከለሻ ግብዓቶች፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች፣ ማለትም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢ ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን የቀረበ ነው። ዓላማው የእንግሊዝኛ ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን ለመማርና ለመከለስ የሚያገለግሉ ግብዓቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከየት እንደሚገኙና እንዴት ጥቅም ላይ እንደሚውሉ ማስረዳት ነው። በሌሎች የገጠር አካባቢዎች የሚገኙ ተማሪዎችም ሊገለገሉበት ይችላሉ።

1. ጉዳዩ ለምን ትኩረት ያሻዋል?

በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊም ሆነ የታሪክ ፈተና ለተማሪው የሚቀርብለት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው። የጥያቄውን ፍሬ ነገር የሚያውቅ ተማሪ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር በትክክል ባለመረዳቱ ብቻ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። የእንግሊዝኛ ድክመት በአንድ ትምህርት ላይ ተወስኖ የሚቀር አይደለም ማለት ነው።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እየተሰጠ ይገኛል። በዚህ አሠራር በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። መሻሻል ቢታይም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። በአማራ ክልል በተከሠተው የጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለባቸው።

በመሆኑም «የግል አስጠኚ የለኝም፤ ኔትወርክም አይደርሰኝም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛን ማሻሻል አልችልም» የሚል ተማሪ በእጁ ያለውን ሀብት በሚገባ ሊያጤን ይገባል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ዋናዎቹ ግብዓቶች አነስተኛ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው። የሚጠይቁት በየዕለቱ የማይቋረጥ ሥራን ነው።

2. በአካባቢው ያለ ነባር የጥናት ሥርዓት፦ የቤተ ልሔም ጉባኤ

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም በአገራችን የትምህርት ታሪክ ከፍ ያለ ስም አላት። የዝማሬና መዋሥዕት ትምህርት በዙር አባ እንደሚመሰከር ሁሉ፣ የድጓ ትምህርት የሚመሰከረው በቤተ ልሔም ነው። ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ተማሪዎች ለዓመታት በጎጆ እየኖሩ፣ የዕለት ምግባቸውን ከአካባቢው ሕዝብ እየለመኑ፣ ሰፊውን የድጓ መጽሐፍ ከነዜማው ያጠናሉ። ይህንን ያደረጉት ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማተሚያ ቤትና ያለ ረዳት መጽሐፍ ነው።

የትምህርቱ ይዘት ከዘመናዊው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጋር አንድ አይደለም። የአጠናን ሥርዓቱ ግን የየትኛውም እምነት ተከታይ የሆነ ተማሪ ለየትኛውም ቋንቋ ሊጠቀምበት የሚችል ነው። አራት ነጥቦችን እንውሰድ።

ሀ. ጆሮ ይቀድማል። የድጓ ተማሪ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ይሰማል፤ ደግሞም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለዋል። እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪም በዓይኑ ብቻ ማንበብ የለበትም። አንድን አንቀጽ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲያነበው መስማት፣ ቀጥሎም ራሱ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

ለ. የትናንቱ ሳይከለስ የዛሬው አይጀመርም። በነባሩ ትምህርት ቤት ተማሪው አዲስ ቀለም ከመቀበሉ በፊት የቀደመውን ያሰማል። «ክለሳ» የሚለው ቃል በዚያ የሚያመለክተው የዘወትር ተግባርን እንጂ ፈተና ሲደርስ ብቻ የሚደረግን ሩጫ አይደለም። ዛሬ የተጠና ቃል በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ቢከለስ ከአእምሮ አይጠፋም። በአንድ ሌሊት መቶ ቃል ከመሸምደድ በየቀኑ ስምንት ቃል ይዞ ደጋግሞ መከለስ ይበልጣል።

ሐ. ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል። መምህሩ ለሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ሊደርስ ስለማይችል ትምህርቱን የዘለቀው ተማሪ ታናሹን ያስተምራል። የሚያስተምረውም በማስተማሩ የራሱን እውቀት ያጸናል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ10ኛ ክፍሉን ቢያስጠና ሁለቱም ይጠቀማሉ።

መ. እጅ ይጽፋል። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከነምልክቱ በገዛ እጁ የመጻፍ ልማድ ነበረው። በእጅ የተገለበጠ ነገር እያንዳንዱን ፊደልና ምልክት ለማስተዋል ያስገድዳል። ተማሪው በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ከነሥርዓተ ነጥቡ ቢገለብጥ፣ ቀጥሎም መጽሐፉን ዘግቶ ከቃሉ ቢጽፈውና ቢያስተያየው፣ ሆሄያትንና የዓረፍተ ነገር አሠራርን አብሮ ይማራል።

3. መሠረታዊ ግብዓቶች

3.1 የተማሪው መጽሐፍ። የመጀመሪያውና ዋናው ግብዓት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የማዳመጥ፣ የመናገር፣ የማንበብ፣ የቃላት፣ የሰዋስውና የመጻፍ ክፍሎችን ይዟል። መጽሐፉ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪው በውሰት ይሰጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ባልተዳረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በመርሐ ግብር ሊጋሩት ይችላሉ።

3.2 የመጽሐፉ ኤሌክትሮኒክ ቅጂ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተማሪ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች በትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በፒዲኤፍ ይገኛሉ። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖሩ ተማሪዎች ከመካከላቸው አንዱ ወደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ በሚሄድበት ቀን ቅጂውን በስልኩ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ሊያካፍላቸው ይችላል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

3.3 ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች። የቀድሞ ፈተናዎች የጥያቄውን አቀራረብ ያሳያሉ። ነገር ግን መልሳቸውን መሸምደድ ጥቅም የለውም። ተማሪው ሰዓት ይዞ ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ የተሳሳተበትን እያንዳንዱን ጥያቄ «ለምን ተሳሳትኩ?» ብሎ በደብተሩ ይመዝግብ። ቃሉን ባለማወቅ፣ ሰዋስውን ባለማወቅ፣ አንቀጹን ባለመረዳት ወይም በችኮላ መሆኑን ለይቶ ይጻፍ። ከሦስት ፈተናዎች በኋላ ድክመቱ የት እንዳለ ደብተሩ ራሱ ይነግረዋል።

3.4 መዝገበ ቃላት። አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ፣ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት መልመድ ይመከራል። በፈተና ላይ የቃላት ጥያቄ የሚቀርበው ከአማርኛ ፍቺ ጋር ሳይሆን ከሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ነውና።

3.5 የማዳመጫ ግብዓቶች። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ እና የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ። «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የተባለው የቢቢሲ ዝግጅት አጭር ውይይትና የተመረጡ ቃላት ይዞ ከጽሑፉ ጋር ይቀርባል። እነዚህንም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥ ይቻላል። ስልክ በሌለበት መምህሩ ወይም ጎበዝ ተማሪ የሚያነበው አንቀጽ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

4. አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የሚያዘወትሯቸው ስሕተቶች

የሚከተሉት ስሕተቶች ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም፤ የአማርኛን ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛ ከማምጣት የሚመነጩ ናቸው። ምንጫቸውን ያወቀ ተማሪ ለማረም አይቸገርም።

ሀ. እንግሊዝኛን በፊደላችን መጻፍ። አንዳንድ ተማሪዎች የቃሉን አነባበብ ለማስታወስ በአማርኛ ፊደል ይጽፉታል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «በግ» እና «መርከብ» ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። «መኖር» እና «ትቶ መሄድ» የሚል ትርጉም ያላቸውም ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ በረዥምና በአጭር አናባቢ መካከል ያለውን ልዩነት ፊደላችን አይለይም። ስለዚህ ቃሉን በላቲን ፊደሉ እየጻፉ አነባበቡን በጆሮ መያዝ ይገባል።

ለ. አንድ መስተዋድድ ለብዙ ቃላት። በአማርኛ «ከነፋስ መውጫ መጣ»፣ «ከወንድሙ ይበልጣል»፣ «ከሰኞ ጀምሮ ታሟል»፣ «ከእናቷ ጋር ሄደች» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ «ከ» አለ። በእንግሊዝኛ ግን በቅደም ተከተል «ፍሮም»፣ «ዛን»፣ «ሲንስ» እና «ዊዝ» ያስፈልጋሉ። እንዲሁም «በመኪና»፣ «በቢላዋ»፣ «በሰኞ ዕለት»፣ «በጥቅምት ወር» የሚሉት አራት ልዩ ልዩ ቃላትን ይጠይቃሉ። መስተዋድድን ብቻውን ሳይሆን ከሐረጉ ጋር ማጥናት መፍትሔ ነው።

ሐ. ባለቤቱን መዘንጋት። «መሸ»፣ «ነጋ»፣ «በረደ» በአማርኛ እያንዳንዳቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ አለና። እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ሳይጠቀስ አይናገርም፤ ሌላ ባለቤት በሌለበት «ኢት» የሚለውን ቃል ያስቀድማል።

መ. የጊዜ አገላለጽ። አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ይላል። እንግሊዝኛ ግን «ትናንት» የሚል የተወሰነ ጊዜ ከተጠቀሰ ፕረዘንት ፐርፌክት የተባለውን የጊዜ ቅርጽ አይቀበልም፤ ቀላሉን ኃላፊ ጊዜ ይፈልጋል። የሰዋስው ጥያቄዎችን ሲመልሱ የጊዜ አመልካቹን ቃል አስቀድሞ መፈለግ ይገባል።

ሠ. የጥያቄ አሠራር። አማርኛ «ትሄዳለህ?» ሲል የሚጠይቀው በድምፅ ቃና ነው። በእንግሊዝኛ ረዳት ግሱ ወደ ፊት መምጣት አለበት፤ ረዳት ግስ ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ይጨመራል።

ረ. አክብሮት። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» ብሎ ሲለይ እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ይላል። አክብሮቱን የሚገልጸው «ኩድ ዩ» እና «ፕሊዝ» በመሳሰሉ አነጋገሮች ነው። በንግግር ማሟያ ጥያቄዎች ላይ ተናጋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ማን ለማን እንደሚናገር መመልከት ወደ ትክክለኛው መልስ ይመራል።

5. ሥነ ጽሑፍን ለቋንቋ ጥናት መጠቀም

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ የፈተና ትምህርት አይደለም። ሆኖም ታሪክና ተውኔት ማንበብ የቃላትን እውቀትና አንብቦ የመረዳት ችሎታን ከሰዋስው ደብተር ባላነሰ ያሳድጋል። ለጀማሪ አንባቢ የሚበጀው የሚያውቀውን ሕይወት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማግኘት ነው። ኢትዮጵያውያን ደራስያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸው የሚከተሉት ሥራዎች በዚህ ረገድ ይጠቅማሉ።

• ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፣ «ዘ አፈርሳታ» (እ.ኤ.አ. 1969)። በገጠር መንደር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጉዳይ በአፈርሳታ ሥርዓት ሲመረመር ያሳያል። ዓረፍተ ነገሮቹ ቀላል ስለሆኑ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ይስማማል።

• የዚሁ ደራሲ «ዋሪየር ኪንግ» (እ.ኤ.አ. 1974)። ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው እስከ ነገሡበት ድረስ ያለውን ታሪክ ይተርካል።

• ፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» (እ.ኤ.አ. 1965)። ተውኔት በመሆኑ ተማሪዎች ገጸ ባሕርያቱን ተካፍለው ድምፅ አውጥተው ሊያነቡት ይችላሉ።

• ዳኛቸው ወርቁ፣ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» (እ.ኤ.አ. 1973)። ቋንቋው ከበድ ያለ ስለሆነ ለ12ኛ ክፍልና ለመምህራን ይመከራል።

መጻሕፍቱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከሌሉ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ባሉ ታሪኮች ላይ መሥራት ይቻላል። የትኛውንም ታሪክ ካነበቡ በኋላ ለአራት ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ መልስ መጻፍ ይለመድ፦ ታሪኩ የማን ነው? ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? በመጨረሻ ምን ተለወጠ? ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ ውስጥ መጥቀስ ያስፈልጋል። ይህ ልማድ በፈተና ላይ የሚቀርቡ የንባብ አንቀጾችን ለመመለስ የሚያስችል ልምምድ ነው።

ከአካባቢ ታሪክ መነሣትም ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እየጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞ በአካባቢው ተማሪ ዘንድ የታወቀ ነው። ይህን ጉዞ በአሥር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ኃላፊ ጊዜን፣ የቦታ መስተዋድድንና የጊዜ ቅደም ተከተል ቃላትን በአንድ ልምምድ ያስጠናል።

6. የ12 ሳምንት የክለሳ መርሐ ግብር

የሚከተለው መርሐ ግብር በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን እንደሚጠና ታስቦ የቀረበ ነው። ተማሪው ከእርሻና ከቤት ሥራው ጋር አስማምቶ ሰዓቱን ሊያዛውር ይችላል፤ ዕለቱን ግን ባይዘል ይመረጣል።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት፦ መሠረት መጣል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍት የሰዋስው ክፍሎችን መከለስ፤ በየቀኑ 8 አዳዲስ ቃላትን ከነዓረፍተ ነገራቸው መመዝገብ።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ ንባብ። በየቀኑ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፤ የማይታወቅን ቃል መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በፊት ከዙሪያው ካሉ ቃላት ለመገመት መሞከር፤ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ሳምንት፦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት። የተወሳሰቡ ዓረፍተ ነገሮችን፣ አያያዥ ቃላትን፣ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥንና የንግግር ማሟያ ጥያቄዎችን መለማመድ።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ የፈተና ልምምድ። በሳምንት ሁለት የቀድሞ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፤ በቀሪዎቹ ቀናት የስሕተት ደብተሩን መከለስ።

በየሳምንቱ መጨረሻ ተማሪው የሳምንቱን ቃላት ለጓደኛው ያሰማ፤ ጓደኛውም ያርመው። ያልያዛቸው ቃላት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገሩ።

7. በፈተና ወቅት

የንባብ አንቀጽ ሲቀርብ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በፍጥነት ማየት፣ ከዚያም አንቀጹን ማንበብ ጊዜን ይቆጥባል። መልሱ መመረጥ ያለበት በአንቀጹ ውስጥ ባለው ማስረጃ እንጂ ተማሪው ከሌላ ቦታ ባወቀው ነገር አይደለም። ከአራቱ አማራጮች ስሕተት መሆናቸው የተረጋገጡትን እየሰረዙ መሄድ ትክክለኛውን ያቀርባል። በአንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ከመቆየት ምልክት አድርጎ ማለፍና መመለስ ይሻላል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ከወረቀት በተጨማሪ በበይነ መረብ እየተሰጠ ስለሆነ ረዥም አንቀጽን ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ላይ ማንበብንም መልመድ ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ካለው ተማሪዎች በተራ እንዲለማመዱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ፈተናው በእጃችን አለ» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን አትመኑ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በመሰራጨቱ አገር አቀፉ ፈተና ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። በዚያ ጊዜ ሳይጠቀሙ የተጉላሉት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው።

8. ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች

አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀ ተማሪ ክለሳውን መጀመር ያለበት ሊፈተንበት ካሰበው ክፍል ሳይሆን ካቋረጠበት ክፍል ነው። የ9ኛ ክፍልን የመጀመሪያ ምዕራፍ አንብቦ ያለ መዝገበ ቃላት አብዛኛውን ከተረዳ ወደሚቀጥለው ይለፍ፤ ካልተረዳ ከዚያው ይጀምር። ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር የሚያሳፍር አይደለም፤ በነባሩ ትምህርት ቤትም ቀለሙ የጠፋበት ተማሪ ተመልሶ ይከልሳል።

ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ጊዜ ከ4 እስከ 6 ተማሪዎች በአንድ ሰፈር ተሰባስበው፣ በደህንነታቸው ላይ አደጋ በማያመጣ ሰዓትና ቦታ፣ አንድ መጽሐፍ ተካፍለው ሊያጠኑ ይችላሉ። በመደበኛ ትምህርት ያልተመዘገቡ ደግሞ መስፈርቱን ካሟሉ በግል ተፈታኝነት መመዝገብ የሚችሉበት አሠራር አለ። ለዚህም የቀድሞ የትምህርት ማስረጃን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ማስረጃው የጠፋበት ተማሪ የምዝገባ ጊዜ ሳይደርስ ለተማረበት ትምህርት ቤት ማመልከት አለበት።

9. ለመምህራንና ለወላጆች

መምህራን በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ለማዳመጥና ለቃል ጽሕፈት ቢሰጡ፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች የታችኛውን እንዲያስጠኑ ቢመድቡ፣ የቀድሞ ፈተናዎችን አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጡ ያለ ተጨማሪ በጀት ለውጥ ይመጣል። በተማሪዎች ብዛት ምክንያት እያንዳንዱን ጽሑፍ ማረም በማይቻልበት ጊዜ፣ ተማሪዎች ጥንድ ሆነው አንድን የተወሰነ ነጥብ ብቻ፣ ለምሳሌ የግስ ጊዜን፣ እንዲተራረሙ ማድረግ ይቻላል።

ወላጆች እንግሊዝኛ ባያውቁም ሊረዱ ይችላሉ። ልጁ ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ መስማት፣ ያነበበውን በአማርኛ እንዲተርክ መጠየቅ፣ የጥናት ሰዓቱን ከሥራ ነጻ ማድረግ ትልቅ እገዛ ነው። በተለይ ሴት ልጆች የቤት ውስጥ ሥራ ስለሚበዛባቸው በቀን 45 ደቂቃ ያልተነካ ጊዜ እንዲያገኙ ማድረግ የወላጆች ኃላፊነት ነው።

10. አገልግሎት የት ይጠየቃል?

የመማሪያ መጽሐፍ አለመዳረስ፣ የፈተና ምዝገባ፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም ሌላ ጥያቄ ሲኖር በሚከተለው ቅደም ተከተል ይቀርባል።

1. ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፤
2. ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤
3. በደብረ ታቦር ለሚገኘው የዞኑ ትምህርት መምሪያ፤
4. በባሕር ዳር ለሚገኘው የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ።

ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ቀኑን መመዝገብና አንድ ቅጂ በእጅ ማስቀረት ይመከራል። የፈተናውን ይዘትና የሚሸፍናቸውን ክፍሎች በተመለከተ በየዓመቱ የሚወጣውን መግለጫ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ብቻ መቀበል ይገባል።

ቤተ ልሔም ባለችበት አገር በልጅነቱ ሰፊ መጽሐፍ በቃሉ የያዘ፣ በጨለማም የትናንቱን ቀለም የከለሰ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በዚያው ትጋት ዛሬ ስምንት ቃል ይዞ፣ ነገ እነዚያኑ ከልሶ ሌላ ስምንት ይጨምር። መጽሐፉን ዛሬ ማታ ገልጦ ከመጀመሪያው አንቀጽ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ይጀምር።